የጨፌው ስድስተኛ ደብተር

ጥር 12 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ይህ ወረቀት ከእጅሽ እስኪገባ ድረስ አምላክ በጤና ያቆይልኝ፤ ከገባም በኋላ አይለይሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዳመና ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ እስካሁን ትእዛዝ አልጣሰም። እናትሽም ደህና ናት፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ተቀምጣ ሰፈሩን ታስተዳድራለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ለምን ይጽፋሉ ብለሽ ባለፈው ስቀሽብኝ ነበር። በስልክ የተናገርኩትን መሰረዝ አልችልም፤ በወረቀት ላይ ግን እችላለሁ። ምክንያቱ ይኸው ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በትምህርት ቤቱና በወንዙ መካከል ባለው ጨፌ ላይ ሊሠሩ የታሰቡት ዘጠና ስድስት ቤቶች ዕቅድ ለከተማው ምክር ቤት ቀርቧል። ምክር ቤቱ ዕቅዱን የሚያጣራ አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ አቋቁሟል። ሰብሳቢዋ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ናት። ዳቦ ጋጋሪው አለበት፤ ሁለት የምክር ቤት አባላት አሉበት፤ ከነዋሪው ወገን ደግሞ እኔ ተመርጫለሁ። በመጀመሪያው ቀን ብድግ ብዬ፣ “እህቴ ከታችኛው ረድፍ አምስተኛው በር ላይ ተመዝግባለች። ያስመዘገበቻት ልጇ ናት። ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ” አልኩ።

ሰብሳቢዋ፣ “እና ምን እናድርግ መምህር? ይውጡ እንዴ?” አለችኝ።

“ድምፅ አልሰጥም። ወረቀቱን ግን እመረምራለሁ።”

ዳቦ ጋጋሪው ሳቀ። “እርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ፈተና አወጡ እንጂ መቼ ተፈትነው ያውቃሉ!” አለ።

ምርመራውን ጀምሬአለሁ። ገጽ አሥራ አራት ላይ የመግቢያው መንገድ ስፋት በሥዕሉ ስድስት ሜትር፣ በጽሑፉ አምስት ሜትር ነው። የአልሚውን መሐንዲስ ጠርቼ የትኛው ነው አልኩት። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፤ አንገቱን አከከና “ስድስቱ ይሻላል” አለ። “የሚሻለውን አልጠየቅሁህም፣ የሚሠራውን ነው” አልኩት። አሁን ሁለቱም ቦታ ስድስት ሆኗል።

እናትሽ ዳሌዋን ከታመመች ወዲህ ሃምሳ ሁለቱን ደረጃ አልወረደችም። ዳቦና አትክልቱ በገመድ በተንጠለጠለ ቅርጫት በመስኮት ይወጣላታል። ስለዚህ ያ አምስተኛ በር፣ ደረጃ የሌለው በር፣ ለምን እንደሚያሳስብሽ አውቃለሁ። እኔንም ያሳስበኛል። ድምፅ የማልሰጠውም ለዚሁ ነው።

ምንም አልጠይቅሽም፤ አንድ ሜትር ብቻ። የኔ ሜትር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳንቲሞቹ ስለተበሉ ከአሥር እየጀመርኩ ነው የምለካው።

አጎትሽ


የካቲት 3 ቀን

ለተከበሩት አጎቴ፣

ባሉበት ሰላም ይክበብዎ። ጉልበትዎን፣ በርታልኝ፣ መታዘዝ እምቢ ካልክም ቁምልኝ ብላለች ይበሉልኝ። እኔ ብርዱን ለምጄዋለሁ፤ እሱ ግን እኔን የለመደኝ አይመስለኝም።

ሜትሩ በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። ከመላኬ በፊት በመሥሪያ ቤታችን መለኪያ አመሳክሬዋለሁ፤ በአምስት ሜትር ላይ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሳሳትም። ሥራዬ እንደሚያውቁት ነው። የነሐስ ክብደቶቼን በሳጥን ይዤ ከሱቅ ሱቅ፣ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት እየዞርኩ ሚዛን እፈትሻለሁ። ትክክል ከሆነ “ተፈትሿል” የሚል ወረቀት እለጥፍበታለሁ፤ ካልሆነ አሽገዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት አትክልት ሻጭ ከሚዛኗ ሳህን ሥር ጠፍጣፋ ብረት በማስቲሽ ለጥፋ አገኘኋት። “ምንድን ነው ይሄ?” ብላት፣ “ከእናቴ የወረስኩት ነው” አለችኝ። ብረቱን ይሁን አመሉን አልገባኝም።

አጎቴ፣ የመንገዱን ስፋት ማስተካከልዎ ጥሩ ነው። ግን እባክዎን፣ ቀይ እስክሪብቶዎ ቤቱን እንዳያዘገይብኝ። መሠረቱ ከክረምት በፊት ከተቆፈረ በሚመጣው ዓመት ያልቃል ብለውኛል። ሲያልቅ እኔም ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ። ይህን እስካሁን ለእማዬ አልነገርኳትም።

ትናንት በስልክ ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? “ከላይ ሆነሽ ስታዪው ሰው ሁሉ ራሰ በራ ነው” አለችኝ። በጣም ሳቅሁ። ከዘጋሁት በኋላ ግን ሰው ፊት ለፊት ካየች ስንት ጊዜ ሆናት ብዬ ቆጠርኩ።

አደራዎን።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 24 ቀን

ለውድ የእህቴ ልጅ፣

የላክሽው ሜትር እንደ አንቺው ቀጥ ብሎ ደረሰ። ከዜሮ ጀምሮ መለካት እንዴት ደስ እንደሚል ረስቼው ነበር። ፈጣሪ እጅሽን ይባርከው፤ ይህንንም የምለው ለሜትሩ ብቻ አይደለም፤ ቀጥለሽ ታነቢዋለሽ።

ባለፈው ማክሰኞ ኮሚቴው ነዋሪውን በምክር ቤቱ አዳራሽ ሰብስቦ ነበር። አርባ ሰው ያህል መጣ። ስለ መንገድ ተጠየቀ፣ ስለ ፍሳሽ ተጠየቀ፣ ትምህርት ቤቱ የሚጨመሩትን ልጆች ይችላል ወይ ተባለ። ከዚያ ሰብሳቢዋ፣ “ወንዙ በክረምት እስከ የት ድረስ ይወጣል?” ብላ ጠየቀች። መሐንዲሱ ወረቀቱን አገላበጠ። የሚመለከተውን ክፍል ጠይቆ፣ የተመዘገበ ነገር የለም እንደተባለ ተናገረ። እጄን አወጣሁ።

ከትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋር ጨፌው ግርጌ የተከልነውን ምሰሶ ታስታውሺዋለሽ፤ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ጥቁርና ነጭ ቀለም የተቀባው፣ በየሳንቲሙ የተሰመረው። በየክረምቱ አንድ ተማሪ እየተመረጠ ጠዋት ጠዋት ውሃው የደረሰበትን አንብቦ ይመዘግብ ነበር። አሥራ አንድ ክረምት፣ አሥራ አንድ ደብተር። ሁሉም አልጋዬ ሥር በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነበሩ። አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። በአሥራ አንዱም ውስጥ ትልቁ ቁጥር ሰማንያ ስምንት ሳንቲም ነው፤ አራተኛው ደብተር ላይ። መሐንዲሱ የታችኛውን ረድፍ ወለል ያደረገው ከምሰሶው ዜሮ አንድ ሜትር ከሃያ ላይ ነው። የሠላሳ ሁለት ሳንቲም ትርፍ ማለት ነው። ልጁ ፊቱ በራ፤ ደብተሮቹን በስልኩ ገጽ በገጽ ፎቶ አነሳቸው።

ከኋላ አንድ ሰው ተነሣ። ጨፌው ዳር ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ነው፤ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆመ የኔው ተማሪ። “መምህር፣ ድልድዩ በጎርፍ የተወሰደበት ዓመትስ?” አለ። “ጎማዎቼ እኮ እንደ ዳክዬ ተሰልፈው ነው የሄዱት! አንዱን ያገኘሁት ሦስት ሰፈር አልፎ ነው፣ ባለቤት አግኝቶ፣ ዶሮ ተቀምጦበት።” ሰው ሳቀ።

ድልድዩ የተወሰደው በስድስተኛው ደብተር ዓመት ነው። የአንቺው ደብተር! ገልጬ አየሁ፤ ትልቁ ስድሳ አራት። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። “ልጄ፣ ትዝታ ሌላ ነው፣ መዝገብ ሌላ ነው” አልኩት። “ምናልባት ጎማዎችህን የወሰዳቸው ውሃ ሳይሆን ሰው ይሆናል።” አሁንም ሰው ሳቀ፤ ከቅድሙ ይበልጥ። እሱም ተቀመጠ።

ያንቺ ደብተር ከሁሉም ንጹሑ ነው። አንድ ስርዝ የለበትም፣ አንድ ባዶ መስመር የለበትም። የጂኦሜትሪውን ሳጥን የሸለምኩሽ በሱ ነበር።

አሁን የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ነዋሪ ስለተከራከረ ሰብሳቢዋ የአንባቢዋ ቃል በጽሑፍ ይያያዝ ብላለች። በስንት ሰዓት ትሄጂ እንደነበር፣ ከየት ቆመሽ ታነቢ እንደነበር፣ ቁጥሮቹም ያየሻቸው መሆናቸውን ጽፈሽ ፈርመሽ ላኪልኝ። ለአንቺ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የመጨረሻው ስብሰባ ሚያዝያ 6 ቀን ነው። ዕቅዱ ካለፈ መሠረቱ ወዲያው ይቆፈራል።

አጎትሽ


መጋቢት 18 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ይህ አጭር ነው።

የካቲት 24 የጻፍኩልሽ ደርሶሽ እንደሆነ አላወቅሁም። ፖስታ ቤት ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ጸሐፊዋ፣ “መምህር፣ ደብዳቤው ሲመጣ እኔ ራሴ እየሮጥኩ አመጣልዎታለሁ፣ ጉልበትዎን ያሳርፉት” አለችኝ።

እናትሽ በስልክ አጠር ብለሽባታል ትላለች። “ሥራ በዝቶባት ነው” አልኳት። “ሥራ የበዛበት ሰው ይቸኩላል፤ እሷ ግን ዝም ነው የምትለው” አለችኝ።

መሐንዲሱ ወረቀትሽን በየቀኑ ይጠይቀኛል። አሟልቶ ማስረከብ የሚወድ ልጅ ነው። ጤናሽን ብቻ በአንድ መስመር ጻፊልኝ፤ ሌላው ይደርሳል።

አጎትሽ


መጋቢት 26 ቀን

አጎቴ፣

ሰላምታዬን መጨረሻ ላይ እጽፋለሁ። በሰላምታ ከጀመርኩ ወደ ነገሩ አልደርስም፤ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አይቼዋለሁ።

በስድስተኛው ደብተር ከሐምሌ 17 እስከ ነሐሴ 5 ያሉት አሥራ ዘጠኝ ቁጥሮች ሐሰት ናቸው። የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። ሐምሌ 16 ቀን ምሰሶውን ተደግፌ ጫማዬን ሳስር ነቅነቅ አለብኝ። በማግሥቱ ስሄድ በአጥሩ ሥር ያለው መንገድ በውሃ ተሸፍኗል፤ ምሰሶው ደግሞ የለም። ውሃ ብቻ ነው ያለው፤ ቡናማ፣ ዝም ያለ፣ ሣር እንኳ የማይታይበት። ነቅንቄ ያስወሰድኩት መሰለኝ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ውሃው ከምሰሶው በላይ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ ጭራሽ አልመጣልኝም። በየቀኑ ሄድኩ፤ በየቀኑ የለም።

ከጥቁር ሰሌዳዎ በላይ የተጻፈውን ደንብ ያስታውሱታል፤ “ባዶ መስመር ዜሮ ያስገኛል” ይል ነበር። እርስዎ በክረምት ኮርስ ላይ ነበሩ፤ ደብተሩን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤትዎ አመጣልዎት ነበር። ባዶ መስመር ይዤ መምጣት አልቻልኩም። ምሰሶውን ሰበርኩት ማለትም አልቻልኩም። ስለዚህ ያለፈውን ዓመት ደብተር ከመደርደሪያው አውርጄ ቁጥሮቹን ገለበጥኩ። እዚህ አንድ እየጨመርኩ፣ እዚያ ሁለት እየቀነስኩ።

በሃያኛው ቀን ውሃው ሲወርድ ምሰሶው እዚያው ቆሟል። ጭቃ ለብሷል እንጂ ደህና ነው። ያን ቀን መናገር እችል ነበር። ግን አምላክ አወጣኝ ብዬ ሮጬ ቤት ገባሁ። ከዚያ ሽልማቱ መጣ። ኮምፓሱን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተጠቅሜበታለሁ፤ ጥሩ ኮምፓስ ነበር።

የዘገየሁበትን ልንገርዎ። የጠየቁኝን የምስክርነት ወረቀት ጽፌው ነበር። በጠዋት አንድ ሰዓት፣ ከአጥሩ ጎን ቆሜ፣ ያየሁትን ብቻ፣ ብዬ። ፈርሜ፣ ፖስታውን አሽጌ፣ ቴምብር ሳይቀር ለጥፌበት ነበር። ዘጠኝ ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ፖስታ ሣጥን ውስጥ እንዳልከተው የከለከለኝ ከደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ቃል ነው፤ “እሱም ተቀመጠ” የሚለው። ያ ሰው እውነቱን ተናግሮ ነው የተቀመጠው። ያስቀመጠውም የኔ ደብተር ነው።

ደግሞ ውሃው ሲመጣ የሚገባው አምስተኛው በር ነው። እማዬ ደረጃ መውረድ ያልቻለች፣ ከውሃ እንዴት ትሸሻለች?

ምን እንደማጣ አውቃለሁ። ይህን ወረቀት አዳራሹ ውስጥ ማንበብ ከፈለጉ ያንብቡት።

ሰላምታዬ ይኸው፦ ጤናዎን፣ ዕድሜዎን ይስጥልኝ። ሌላ ለማለት አፍ የለኝም።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 9 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ሚያዝያ 3 ቀን ደረሰኝ። ያን ቀንና በማግሥቱ ምንም አልሠራሁም፤ ስለዚህ የምጽፈው ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ነው።

በሦስተኛው ቀን አምስተኛውንና ስድስተኛውን ደብተር ጎን ለጎን ዘረጋሁ። በአምስተኛው አርባ አንድ ካለ በስድስተኛው አርባ ሁለት ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ካለ ሠላሳ ሰባት። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ እንዲሁ። ዓይን የሌለው ሰው እንኳ በጣቱ ያገኘዋል። በገጾቹ ግርጌ ደግሞ በቀይ “ታይቷል” የሚል አለ፣ ሦስት ጊዜ፣ ከፊርማዬ ጋር። ቁጥሩ አምሮ ተጽፎ ነበር፤ ያየሁት አጻጻፉን ነው። ከትምህርት ቤቱ እስከ ምሰሶው አራት መቶ እርምጃ ነው። ያን ክረምት አንድ ቀን እንኳ አልወረድኩም።

ለእናትሽ ሄጄ ነገርኳት።

“ልጄ ዋሸች?” አለችኝ።

“አዎ፣ እትዬ።”

“አንተስ አላየህም?”

“አላየሁም።”

“እንግዲያው እኩል ናችሁ። ሻይ ቅዳና ቁጭ በል።”

ቀድቼ ተቀመጥኩ። “አምስተኛው በር ሄደ ማለት ነው?” አለች። ሊሄድ ይችላል አልኳት። በመስኮቱ ወደ ጨፌው አየች፣ አየችና፣ “እኔ መሬት ፈልጌ ነበር እንጂ ወንዝ መቼ ፈለግሁ” አለች። ሻይዋ ሳትጠጣው ቀዘቀዘ።

ከስብሰባው በፊት ጎሚስታው ዘንድ ሄድኩ። “ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት” አልኩት።

“ቆይ መምህር፣ ይህቺን ጎማ ልጨርሳት።”

የመኪና ቸርኬ ገልብጦ ሰጠኝና ተቀመጥኩበት። ጎማዋን ነፋ፣ በውሃ ገንዳ ውስጥ ነክሮ አረፋ ፈለገ፣ አጣ። ከዚያ እጁን እየጠረገ መጣ። “መምህር፣ እኔ ስላላመኑኝ አይደለም የከፋኝ። ደብተር ይዘዋል፣ ምን ያድርጉ። ግን ሰውን ያሳቅሁት እኔ ነበርኩ፤ ዳክዬዋ የኔ ነበረች። እርስዎ ሳቁን ነጥቀው እኔው ላይ መለሱት።”

ሃምሳ ዓመት ያህል ሰው ሳስተምር ኖሬ እንዲህ ጥርት ብሎ የተነገረኝ እርማት ጥቂት ነው። “ልክ ነህ” አልኩት።

በሩን ገፋ አደረገና ከኋላው የተሰቀሉትን ከመነዳሪዎች፣ የውስጥ ጎማዎቹን፣ ወደ ጎን ሰበሰባቸው። መቃኑ ላይ የዛገ ምስማር አለ። “ውሃው እዚህ የደረሰ ዕለት የመታሁት ነው” አለ። “ለምን መታኸው?” ብለው፣ “እንጃ። የሚያምነኝ ሰው ከመጣ ብዬ” አለ።

መሐንዲሱን በስልክ ጠራሁት። ምሰሶው ዛሬ የለም፤ የሲሚንቶ መሠረቱ ግን ሣሩ ውስጥ አለ፣ የዜሮው ጭረትም አለበት። ውስጡን በሚያሳይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልተን፣ ግንበኞች እንደሚያደርጉት፣ ከምስማሩ እስከ ዜሮው ውሃ ልኩን እያሸጋገርን ወረድን። አንድ ሜትር ከአርባ ሰባት። መሐንዲሱ ሦስት ጊዜ ለካ፣ ባንቺው ሜትር። ምሰሶው አንድ ሜትር ከሃያ ነበር። አልሰበርሽውም ልጄ፤ ከሥር ነበር።

በስብሰባው ተነሥቼ፣ ያቀረብኩት ስድስተኛ ደብተር የአሥራ ዘጠኝ ቀን ቁጥሩ ሐሰት መሆኑን፣ ሳላጣራ መፈረሜን፣ አንድ ነዋሪን በሐሰት ደብተር ማሳፈሬን ተናገርኩ። ስለ አንቺ “አንባቢዋ ተማሪ በራሷ ፈቃድ አሳወቀች” ብቻ ነው ያልኩት። ዳቦ ጋጋሪው፣ “መምህር፣ ዛሬስ ወደቁ” አለኝ። ወድቄአለሁ አልኩ። ማንም አልሳቀም። ይልቁን እሱ ራሱ ደንግጦ ውሃ ቀዳልኝ።

ኮሚቴው የታችኞቹን ሁለት ረድፎች ውሳኔ ለአንድ ክረምት አቆየ። መሠረታቸው ዘንድሮ አይቆፈርም። ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ አዲስ ምሰሶ በአሮጌው መሠረት ላይ ይተከላል፣ በየቀኑም ይነበባል። ማን ያንብብ ሲባል እጄን አወጣሁ። ሰብሳቢዋ ጉልበቴን አየች፤ የሚቀባውን መድኃኒት የምትሸጥልኝ እሷ ናትና ታውቀዋለች።

እናትሽ ይህን ስትሰማ ምን አለች መሰለሽ? “ጨፌው ከመስኮቴ መዳፌ ላይ ነው። ቁጥሩን ተለቅ አድርጋችሁ ጻፉት እንጂ እኔ አነበዋለሁ።” እንግዲህ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ካገኘሽ ላኪላት።

ስለ ሰሌዳዬ ደንብ የጻፍሽውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በሱ ላይ አሁን አልጽፍም። እጄ ደክሟል።

አጎትሽ


ግንቦት 2 ቀን

ለተከበሩት አጎቴ፣

ዕለት ዕለት የማስብዎ አጎቴ፣ ከነጉልበትዎ ሰላም ይሁኑ። መነጽሩን ወደዚያ ለሚመጣ የሥራ ባልደረባዬ ሰጥቼዋለሁ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ይደርሳል። ከመስኮታችን አራት መቶ እርምጃ ርቆ ያለ የመኪና ታርጋ አንብቤበታለሁ። ለእማዬ አንገቷ ላይ የምታስርበት ገመድ አለው፤ እንዳትጥለው። ሰው መሰለል እንደምትጀምር ግን ይወቁት።

አልሚው የታችኛው ረድፍ መቆየቱን ጽፎልኛል። የመምጫዬን ነገር ለመሥሪያ ቤቴ ነግሬ ነበር፤ ወደ ኋላ መለስኩት።

አጎቴ፣ የጻፉልኝን ሁሉ አነበብኩ። ስለ ጎሚስታው፣ ስለ ምስማሩ፣ ስለ ሰብሳቢዋ ጽፈዋል። ስለ እኔ ግን አልጻፉም። ተቆጥተውኝ ከሆነ ተቆጥቻለሁ ይበሉኝ፤ እችለዋለሁ። ዝምታውን ነው ያልቻልኩት።

የእህትዎ ልጅ


መስከረም 14 ቀን

ለውድ ልጄ፣

ክረምቱን ያሻገረን ፈጣሪ በጋውንም ይባርክልሽ።

አራት ወር ሙሉ በስልክ ስለ ጤና ብቻ እያወራሁ ያቆየሁሽ ተቆጥቼ አይደለም። መጀመሪያ ክረምቱ ያልቅና ሁሉንም በአንድ እጽፋለሁ ብዬ ነው። ይህም ራሱ ስህተት ሳይሆን አይቀርም፤ እናትሽ ናት ያለችው። “ልጂቱን እንደ ፈተና ውጤት ታስጠብቃታለህ” አለችኝ።

እናትሽ ከሰኔ 1 ጀምሮ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አነበበች። መሐንዲሱ ምሰሶውን ቀይና ነጭ ቀብቶ፣ ቁጥሮቹን እንደ መኪና ታርጋ አግዝፎ ነው የሠራው። እሷ ጽፋ ወረቀቱን በቅርጫት ታወርደዋለች፤ እኔ ወይም ጎሚስታው ወርደን ምሰሶው አጠገብ እናመሳክራለን፤ ከዚያ እፈርማለሁ። አሁን “ታይቷል” የምለው አይቼ ነው። ጎሚስታው እኔ በሌለሁበት ቀን ሲያመሳክር “መምህር፣ ስድሳ ሦስት ብላለች፣ እኔ ስድሳ ሦስት ከግማሽ ነው ያየሁት፤ እትዬን ባርማቸው እተርፋለሁ?” ይለኛል። አትተርፍም እለዋለሁ።

ሐምሌ 23 ቀን ጠዋት ስልክ ደወለች። “ጉም ነው” አለችኝ። “ጨፌውም የለም፣ ምሰሶውም የለም፣ ትምህርት ቤቱም የለም። ምን ልጻፍ?”

ትናንት ስንት እንደነበር አውቃለሁ፤ ሰማንያ አንድ። ሲዘንብ ስላደረ ዛሬ ስንት ሊሆን እንደሚችልም መገመት እችላለሁ። ከሰሌዳዬ በላይ ያለው ጽሑፍ ግን ዓይኔ ላይ መጣብኝ፤ በራሴ እጅ፣ በትልልቁ።

“ያላየሽውን እንዳላየሽ ጻፊ” አልኳት።

“እንዴት ብዬ?”

“አልታየም ብለሽ።”

ጻፈች። ጉሙ አራት ሰዓት ላይ ሲገለጥ ጨፌው በሙሉ ውሃ ነበር። ምሰሶው ላይ አንድ ሜትር ከአርባ ዘጠኝ፤ ከምስማሩ ሁለት ሳንቲም ከፍ ብሎ። ጎሚስታው ጎማዎቹን ከዋዜማው በሰንሰለት አስሯቸው ነበር። “ዘንድሮ ዳክዬ የለም” እያለ ከደጁ በደስታ ይጮኻል፣ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ።

ባለፈው ሐሙስ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢዋ አንባቢዋ ራሷ ቀርባ ታስረዳ አለች። ደረጃ አትወርድም ብንል፣ “እንግዲያው እናውርዳት” አለ መሐንዲሱ። ወንበር ላይ አስቀምጠው እሱ ከፊት፣ ጎሚስታው ከኋላ ሆነው ሃምሳ ሁለቱን ደረጃ አወረዷት። በየፎቁ እያስቆመች ጎረቤት ሰላም ትል ስለነበር ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ታች ስትደርስ ዳቦ ጋጋሪውን ቀና ብላ አየችውና፣ “ለካ ፀጉር አለህ!” አለችው።

አዳራሹ ውስጥ መዝገቡን ራሷ አነበበች። ሐምሌ 23 ላይ ስትደርስ “አልታየም” አለች። ከአልሚው ወገን አንድ ሰው፣ “ምን ማለት ነው አልታየም? መዝገቡ ጎዶሎ ነው ማለት ነው?” አለ። እናትሽ መነጽሯን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣ “ልጄ፣ ጉም ነበር። አንተ ታይቶህ ከሆነ ንገረንና እንጻፈው” አለችው። መሐንዲሱ፣ የገዛ አሠሪዎቹ ፊት፣ “መዝገቡ ትክክል ነው” አለ።

ውሳኔው ይህ ነው። የታችኞቹ ሁለት ረድፎች፣ ሠላሳ ሁለት ቤቶች፣ ተሰርዘዋል። ጨፌው ለውሃው ይቀራል። ስድሳ አራቱ ከላይ ይሠራሉ። እናትሽ ከተሰረዙት ጋር ወደ ሁለተኛው የግንባታ ዙር ተዛውራለች። ሁለት ዓመት፣ ምናልባት ሦስት። ይህን አላሳምረውም። አምስተኛው በር የለም። እኔ ዘንድ ምድር ቤት ትኑር ብዬ ለመንኳት፤ “ጫማዬን በቁመት ታሰልፍብኛለህ” ብላ እምቢ አለች። ነገር ግን መሐንዲሱና ጎሚስታው በየሳምንቱ ሐሙስ ሊያወርዷት ተስማምተዋል። ትናንት ሐሙስ ነበር፤ መጡ።

አሁን ስለ አንቺ። አዎ፣ ተቆጥቼ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት፣ ምንም አልሠራሁም ባልኩሽ ጊዜ። ከዚያ ያ ቁጣ አድራሻው የኔ መሆኑን አወቅሁ። ያን ደንብ ያወጣሁት ሰነፎቹን ለማትጋት ነበር። ሰነፎቹ ባዶውን ትተው ዜሯቸውን እየሳቁ ወሰዱ። የዋሸችው ትጉዋ ናት። ውሃው ምሰሶውን የዋጠበት ዕለት ከሁሉ የሚበልጠው ንባብ ያ ባዶ መስመር ነበር፤ እኔ ግን አስቀድሜ ዜሮ ሰጥቼው ነበር። ይቅርታሽን እጠይቃለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ስድስተኛውን ደብተር ልኬልሻለሁ። ከሐምሌ 17 እስከ ነሐሴ 5 ያሉትን አሥራ ዘጠኝ ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን በአንድ መስመር ሰርዣቸዋለሁ፤ ከሥር እንዲነበቡ አድርጌ፣ አልፋቅኋቸውም። ከእያንዳንዱ ጎን በቀይ “አልታየም” ብዬ ጽፌ በዛሬው ቀን ፈርሜበታለሁ። ካንቺ የሚጠበቀው ከፊርማዬ አጠገብ መፈረም ነው። ቦታውን ባዶ ትቼልሻለሁ፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ።

በፖስታ አትላኪው። መምጫሽ ሲቆረጥ፣ ቤት ኖረም አልኖረም፣ በእጅሽ ይዘሽው ነይ።

አጎትሽ